አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ሰውን የሚያስርበው ድህነት ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ይሉኝታም ያስርባል፤ ያውም የሞላ ገበታ ፊት አስቀምጦ። ድርቅ ቢሆን ዝናብ ይለመንበታል። ይሉኝታን ግን ምን ተብሎ ይጸለይበታል? እኛ ቤት ያደገ ሰው «ብላ» ሲባል የሚመልሰውን የሚማረው ገና አፉን ሳይፈታ ነው፤ «ኧረ በልቻለሁ፣ ጥግብ ብያለሁ»። ይህ የመጀመሪያው እምቢታ ነው። ጋባዡም እንዳልሰማ ያልፈዋል። ሁለተኛ ይጠይቃል፤ እንግዳውም ሁለተኛ እምቢ ይላል፤ አሁን ግን ድምፁ ላላ፣ ዓይኑም ወደ ትሪው ዘንበል ማለት ይጀምራል። በሦስተኛው «በሞቴ!» ይመጣል። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? የሰው ነፍስ በእጅ ይዞ ክርክር የለም፤ እጅ ይታጠባል። ሆድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሺ ብሎ ነበር፤ ግን ሆድን ማን ጠየቀው?

ይህን ሥርዓት ይዘን ነው እንግዲህ እኔና ባለቤቴ ኖርዌይ የሄድነው። ወደዚያ ከማለፌ በፊት ግን ባለቤቴን ላስተዋውቃችሁ። ፀዳለ ትባላለች። «ትባላለች» የምለው አንዳንድ ሰሞን በወሬ ብቻ ስለማውቃት ነው። የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ጥግ፣ ሃውቶርን፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። እሷ ዌስትቼስተር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ትሠራለች። እኔ ደግሞ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት የምታመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ከቤት የምወጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለተኛዋ መኪናችን ከሞተች ወዲህ ያለችን አንዲት ናት። ፀዳለ ጠዋት ይዛት ትመጣለች፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ እሷ ትወርዳለች፣ እኔ እገባለሁ። «እንዴት አደርሽ» እላታለሁ። ማለት የነበረብኝ «ደህና እደሪ» እንደሆነ የሚገባኝ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ፀዳለ አጭር ናት። (ይህን መጻፌን ካወቀች እዳዬ ነው።) ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት አስጠግታ ነው የምትነዳው። ስለዚህ በየማለዳው ስገባ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ከሥሩ ያለችውን ማንሻ መሳብ ብቻ ነው፤ የልጅ ሥራ ናት። እኔ ግን የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት እስኪይዘኝ ድረስ አልስባትም። ወንበሩ ይሞቃላ! ተጣጥፌ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ የሚስቴን ሙቀት እየተደገፍኩ እስከ መብራቱ እነዳለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከጠበቀኝ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል።

ናፍቆት የሩቅ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ባሕር ማዶ የቀረ ዘመድ፣ ተሽጦ ያለቀ ቤት፣ እንዲህ እንዲያ ይላሉ። እኔን የምትናፍቀኝ ግን በአንድ ፍራሽ ላይ ከእኔ ጋር በተራ የምትተኛ ሴት ናት። ፍራሹ አይቀዘቅዝም፤ እኛ ግን አንገናኝም። የምንገናኘው እሑድ ነው። ከቸርች መልስ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ሄደን አንድ ትሪ ፊት እንቀመጣለን፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ ታንቀላፋለች። አንድ ጊዜ አስተናጋጇ ደንግጣ አሟት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደህና ናት፣ ለእሷ አሁን እኩለ ሌሊት ሆኖ ነው አልኳት። ትሪው እስኪነሳ ድረስ ሚስቴን እያየሁ ብቻዬን በላሁ። ብቻን መብላት ልማዴ ነው፤ እያዩዋት ብቻን መብላት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ኦስሎ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሂሩት በዚህ ዓመት ወለደች። ካልመጣችሁ እህት የለኝም ብላ ዛተች። ሁለታችንም ፈቃድ ጠየቅን፤ ተአምር ነው፣ ለአንድ ሰሞን ተፈቀደልን። ፀዳለ ከፌርፋክስ ሱቆች ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ሸምታ አንድ ሻንጣ ሞላች። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ሁሉንም እዚያው አራገፍን። ጥቂት ቀን ቆይተን ሂሩት፣ እናንተ እኮ ተያይታችሁ አታውቁም፣ መኪና ተከራዩና ወደ ሰሜን ሂዱ ብላ ገፋፍታ አስወጣችን። የምናድርበትንም ራሷ መረጠችልን፤ ሆቴል ሳይሆን መንገደኛ የሚያሳድሩ የገበሬ ቤቶች። አባቴ ከእርሻ ያመለጠ ሰው ነበር። ልጆቼ ከከብት ጋር አያድሩም ብሎ ምሎ ከተማ ገባ። ልጁ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ፣ ከላም አጠገብ ለማደር ወረፋ ያዘ። መንገድ ስንጀምር ሻንጣው ውስጥ የቀረችን የምግብ ዘር አንዲት የሚጥሚጣ ብልቃጥ ናት። የምትነሰነስበት ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ማደሪያችን በግ የሚያረቡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ደጁ ላይ ጫማችንን አወለቅን፤ እስከዚህ ድረስ የሰው አገር አልመሰለንም። ሴትዮዋ በልብ ቅርጽ የተጋገረ ስስ ቂጣ፣ ጃም፣ ቀለሙ እንደ ካራሜላ የሆነ አይብ አቀረቡና ትበላላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። እኛም እንዳሳደጉን፣ ኧረ በልተናል፣ አይቸገሩ አልን። ሴትዮዋ «ኦኬ» አሉ። ኦኬ! እኔ ገና ሁለተኛውን እምቢታ በእንግሊዝኛ እያሰናዳሁ ሳለ ሳህኑ ወደ ጓዳ ገባ። ፀዳለ ሳህኑን በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው። ከዚያም በጆሮዬ፣ ሊያሞቁት ይሆናል አለችኝ። እስከ ዛሬ እያሞቁት ነው።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። አልጋው አንድ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን ሁለት፣ ለየብቻ ተጣጥፎ በየራስጌው ተቀምጧል። ይህ ሕዝብ ባልና ሚስትን ምን ብሎ ነው የሚያጋባው? ፀዳለ አንደኛውን አንስታ ወንበር ላይ ወረወረችው፤ እዚህም በተራ ልንተኛ ነው እንዴ አለች። መጋረጃውን ስትከፍት ውጪው ገና ብርሃን ነበር። በዚያ አገር በሰኔ ሌሊት የለም። ፀሐይዋ ትጠልቃለች ይላሉ እንጂ ጓዳ ገባ ብላ የምትመለስ ነው የሚመስለው። ፀዳለ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ብዙ ቆየችና እዚህ አገር ናይት ሺፍት የሚባል ነገር አይኖርም ማለት ነው አለች። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው።

በሁለተኛውም ማደሪያ እንደዚያው ሆነ፤ እምቢ አልን፣ ኦኬ ተባልን። ቀን ቀን ከነዳጅ ማደያ ቋሊማ እየገዛን ሚጥሚጣዋን እየነሰነስን ከረምን። መራባችንን ግን እኔ እንደ ረሃብ አልቆጠርኩትም። ከጎኔ ያለው ወንበር ሰው ነበረበት። ፀዳለ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ፏፏቴ ባየች ቁጥር «አቁም!» ትላለች፤ አገሩ ደግሞ በየኩርባው ፏፏቴ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሰሜን ጫፍ የምንደርሰው በጡረታ ጊዜያችን ነው አልኳት። ቢሆን ምን አለበት አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ማደሪያ የእትዬ ኢንግሪድ ቤት ነው። እትዬ ያልናቸው እኛ ነን፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በግ ያላቸው፣ ዕድሜያቸው አንቱ የሚያሰኝ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከሸለቆ ሥር ነው፤ ሱቅም ማደያም በቅርብ የለም። ስንደርስ ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል። ያንን የልብ ቅርጽ ቂጣ አቅርበው ጠየቁን፤ አመስግነን እምቢ አልን። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው ፊት ለፊታችን ተቀመጡና አንዱን በጃም፣ አንዱን በአይብ፣ አንዱን በሁለቱም አድርገው እየበሉ ስለ በጎቻቸው አጫወቱን። እኔ ስለ በግ እንደዚያን ዕለት በጥሞና ሰምቼ አላውቅም። በበነጋውም ጠየቁን። እኛም እንደገና እምቢ አልን፤ የትናንቱ የትናንት ነው፣ ቆጠራው በየገበታው ከአንድ ነው የሚጀምረው። እትዬ ኢንግሪድ በአዘኔታ አዩንና እናንተ አገር ሰው ጠዋት አይበላም ማለት ነው አሉ። እንዲህ ነው ባህላችን ባሕር ማዶ የሚታወቀው!

ፀዳለ ደጁ ላይ ወጥታ ለእህቷ ደወለች። ሂሩት ከመሳቋ ብዛት ሕፃኑን ቀሰቀሰችው። እዚህ አገር በሞቴ የለም፣ የሚጠየቀው አንዴ ነው፣ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፣ ደግሞ መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ነው የሚመስላቸው፣ ስለዚህ በመጀመሪያው እሺ በሉ አለቻት። ፀዳለ ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ምን ሆንሽ አልኳት።

«ሊንዳ ዴይ ሺፍት ኦፈር አድርጋኝ ነበር» አለችኝ።

ሊንዳ መጦሪያው ውስጥ የፀዳለ ሱፐርቫይዘር ናት። መቼ አልኳት። ከፋሲካ በፊት አለች። «ዱ ዩ ዋንት ኢት አለችኝ። ሶ፣ ኖ ኢትስ ኦኬ፣ ሌላ የሚፈልግ ሰው ካለ ስጪው አልኳት። እንዴት ገና ሲሰጡኝ እቀማለሁ? ደግማ ስትጠይቀኝ እሺ እላታለሁ ብዬ እኮ ነው። ደግማ አልጠየቀችኝም።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኛ ደጃዝማችነት ማን ሊሰጠን? የቀረብን ማታ አብሮ ራት መብላት ነው። ከፋሲካ ወዲህ ያለፉትን ምሽቶች አሰብኳቸው፤ ሁለታችን በአንድ መብራት ሥር ልንቀመጥባቸው እንችል የነበሩትን። ሆድ ባሰኝ። ልቆጣም ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እምቢ ያልኩት ቂጣ ገና ከጓዳ ይሸተኛል፤ በምን አፌ? አጠገቧ ተቀመጥኩና ስንመለስ ሄደሽ ጠይቂያት አልኳት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ከዛሬ ጀምሮ ለተጠየቅነው ነገር ሁሉ በመጀመሪያው እሺ ልንል እዚያው ደረጃ ላይ ቃል ተጋባን።

ወዲያው እትዬ ኢንግሪድ ብቅ አሉ። ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጥያቄውን ሳይጨርሱ ሁለታችንም «የስ!» ብለን ተነሳን። የጠየቁን ለካ ምግብ አይደለም። ዝናብ ሳይመጣ የታጨደውን ደረቅ ሣር ሊሰበስቡ ነው፤ ማየት ትፈልጋላችሁ ወይ ነው ያሉት። እኛ የስ ያልነው እንዴት ባለ ጉጉት ነው መሰላችሁ፣ ለማየት ብቻ አይመስልም፤ እሳቸውም የላስቲክ ቦቲና መንሽ አምጥተው አስታጠቁን። የአባቴ አጥንት የተገለበጠው ያን ጊዜ መሆን አለበት።

ቦቲው ለፀዳለ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። በተራመደች ቁጥር እግሯ ይወጣል፣ ቦቲው ይቀራል። ሣሩን ስንሰበስብ ዋልን፤ እሷ ትጎትታለች፣ እኔ አነሳለሁ። ፀጉሯ ሣር በሣር ሆኖ ስትስቅ አየኋት። ከተጋባን ወዲህ ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ አብረን ሠርተን እንደማናውቅ ገባኝ። የኔን ሥራ አይታው አታውቅም፣ እኔም የሷን። ያ ቀን እንዳያልቅ ጸለይኩ ብል አላበልኩም፤ በዚያ አገር ደግሞ ጸሎቱ ሩብ መንገድ ድረስ ይሰማል፣ ብርሃኑ አይሄድማ!

ስንጨርስ በመጨረሻ ቂጣው ቀረበ፤ በመጀመሪያው እሺ አልን፣ አራግፈን በላን። ባዶ እጃችንን እንዳንሆን እኛም ሚጥሚጣዋን አቀረብን። ይቀምሷታል ወይ ብለን እትዬ ኢንግሪድን ጠየቅን። እሳቸው ደግሞ እንዳገራቸው ወግ ወዲያውኑ እሺ ብለው አንድ ማንኪያ ሙሉ አይባቸው ላይ ደፉት። ከዚያ የሆነውን አልናገርም፤ ውኃው፣ ወተቱ፣ እንባው... አባቶቻችን ለምን ሦስት ጊዜ ጠይቁ እንዳሉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለሰው የማምለጫ ዕድል ሲሰጡት ነው።

ሎስ አንጀለስ ስንመለስ ሌሊቱም ተመለሰ። ፀዳለ የመጀመሪያው ቀን ገና ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ሊንዳ ቢሮ ገባችና ያ የቀን ሺፍት ካለ እፈልገዋለሁ አለች፤ በአንድ ትንፋሽ። ሊንዳ ደስ አላት፤ ቦታው አልተያዘም። ለምን አልተያዘም? ካንቺ በኋላ ወይንሸትን ጠይቄያት ነበር፣ እሷም ኖ ኢትስ ኦኬ አለችኝ፣ ሶ እናንተ ኢትዮጵያውያን ሌሊት የምትወዱ ሰዎች ናችሁ ብዬ ተውኩት አለች። እትዬ ኢንግሪድና ሊንዳ ሳይተዋወቁ እንዴት እንደተግባቡ ይገርማል።

ወይንሸት ከፀዳለ ጋር ሌሊት የምትሠራ ሴት ናት። ትንሽ ልጇን ኖርዝ ሆሊውድ ጎረቤት ቤት አስተኝታ ትመጣለች፤ ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት ለማድረስ ከተማውን ሙሉ ስታቋርጥ ትራፊኩን ትረግማለች፣ ሌሊቱን ትረግማለች። እሷ ናት እንግዲህ ሌሊት የምትወደው! የዚያች ሴት «ኖ» የመጀመሪያው እምቢታ ብቻ እንደሆነ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ፀዳለ ብቻ ነበረች። አውቃ ዝም ትበል? አፏ አልታዘዛትም። መጀመሪያ ወይንሸትን እንደገና ጠይቂያት አለቻት።

ይህን በማለዳ ፓርኪንጉ ውስጥ ነገረችኝ። ሌላ ነገር ብታደርግ ኖሮ እኔ የማውቃት ፀዳለ አትሆንም ነበር። አመመኝ ግን። የመጀመሪያውን መብራት፣ ሁለተኛውንም አልፌ ወንበሩን ሳልገፋ ሄድኩ።

ሊንዳ ወይንሸትን ጠየቀቻት። ወይንሸት ደግሞ ነገሩ ሸተታት፤ ፀዳለ ፈልጋው ነው፣ ባሏን እንኳ አይታው አታውቅም፣ ለእሷ ስጪያት አለች። ሊንዳ ወደ ፀዳለ ተመለሰች። ፀዳለም፣ አይ፣ ወይንሸት ልጅ አላት፣ ለእሷ ይሁን አለች። ሊንዳ ራሷን ይዛ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ፀሐይ የሚወድ ሰው የለም ማለት ነው አለችና እስከ ዓርብ ካልወሰናችሁ ከውጪ ሰው እቀጥራለሁ ብላ ቆረጠች።

እንግዲህ ፍረዱ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ባገራችን ወግ የቀረው አንድ «በሞቴ» ብቻ ነው። ሊንዳ ግን ከየት ታመጣዋለች? ብታውቀውስ፣ ሠራተኛ ፊት በሞቴ ማለትን የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ይፈቅድላታል? አንዲት ሴት ልጇን ትናፍቃለች፣ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ይናፍቃል፣ ቦታው ባዶውን ተቀምጧል፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው።

ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ይዛ ስትመጣ የማታ ሐሳቤን ነገርኳት። የሊንዳ ስልክ እኔ ዘንድ አለ፤ ፀዳለ ስትዘገይብኝ የምጠይቅበት ነው። ልደውልላት፣ ሁለቱም ይፈልጉታል ልበላት፣ ሳምንቱን ለሁለት ትክፈልላችሁ፣ ከፊሉን ቀን አንቺ፣ ከፊሉን ወይንሸት ግቡ አልኳት። የሳምንቱ ግማሽ ለኔ ይበቃኛል። ሦስት ማታ እንኳ፣ ሁለትም እንኳ። እንቅልፍ ባቀላው ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ።

«ተው፣ ይቅር፣ ምን ትለኛለች» አለችኝ።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ደረጃው ሄደች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝና ገባች። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ መሪው ላይ፣ ሙቀቷ ጀርባዬ ላይ፣ ስልኩ እጄ ላይ። ይቅር ብላለች፤ ሰምቻለሁ።

ያለችው ግን አንዴ ብቻ ነው።